ሃምሳ ኮምፒዩተር፣ ስንት ፈቃድ?

የሶፍትዌር ፈቃድ አጠቃቀምን ስለ መከታተልና ስለ ስሌቱ

ከአሰላ በስተምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ዲክሲስ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ የተጓዘ ሰው፣ ስንዴው በደረሰባቸው ማሳዎች ላይ ኮምባይነሮች ሲመላለሱ ያያል። ከማሳዎቹ ባለቤቶች መካከል የራሱ ኮምባይነር ያለው በጣም ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ገበሬ ማሽኑን ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ተከራይቶ በታጨደለት ኩንታል ልክ ይከፍላል፤ ማሽኑም ወደሚቀጥለው ማሳ ያልፋል። ለአንድ ቀን ሥራ ሲባል ዓመቱን ሙሉ የሚቆም ማሽን መግዛት ኪሳራ መሆኑን ለዲክሲስ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የእኔ ስንዴ በደረሰበት ዕለት፣ ሰማዩም በዳመነበት ሰዓት፣ ማሽኑ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ቢሆንስ?

ይኸው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ በኮሌጆችና በመሥሪያ ቤቶች የኮምፒዩተር ክፍሎች ውስጥ በየዕለቱ ይነሣል። በአሰላ ከተማ አንድ ኮሌጅ አለ እንበል፤ ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ነው። ኮሌጁ 50 ኮምፒዩተሮች አሉት፤ በሁሉም ላይ አንድ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተጭኗል፤ የተገዛው ፈቃድ ግን 12 ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ሦስት ቀን የቀራት ተማሪ ፕሮግራሙን ስትከፍት «ፈቃድ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይገጥማታል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «50 ኮምፒዩተር ስላለን 50 ፈቃድ ይገዛ» ይላሉ፤ የፋይናንስ ክፍሉ «12ቱስ መቼ በቅጡ ሠሩና!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት በግምት ነው። በመካከላቸው ቆሞ በቁጥር መናገር የሚገባው የሲስተም አስተዳዳሪው ነው። ቁጥሩን ከየት ያገኘዋል? ካገኘውስ በኋላ እንዴት ያነበዋል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው።

ፈቃድ ሲባል

ሶፍትዌር ስንገዛ ፕሮግራሙን ራሱን አንገዛም፤ የምንገዛው በተወሰነ ሁኔታ በፕሮግራሙ የመገልገል መብትን ነው። በአገራችን የዚህ መብት ሕጋዊ መሠረት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። አዋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። አዋጁ አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል አገልግሎቱ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ቢፈቅድም፣ ይህ ልዩ ሁኔታ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም አይሠራም። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ቅጂ ማድረግ የሚችለው፣ ፕሮግራሙን ላገኘበት ዓላማ ለማዋል አስፈላጊ ሲሆን፣ ወይም የያዘው ቅጂ ቢጠፋና ቢበላሽ የሚተካበት መጠባበቂያ ለማስቀመጥ ነው። እንግዲህ «ለራሴ ነው የገለበጥሁት» የሚለው ማመካኛ አያዋጣም። ጉዳዩም የባሕር ማዶ ኩባንያዎች ብቻ አይደለም፤ እንደ ፓወር ግእዝ ያሉ በአገር ልጆች ድካም የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በዚሁ አዋጅ ጥላ ሥር ናቸው።

የፈቃድ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለአንድ ኮምፒዩተር የሚሰጥ አለ፤ በስም ለተጠቀሰ ሰው የሚሰጥ አለ፤ በሰርቨሩ ፕሮሰሰር ውስጥ ባሉት ኮሮች ብዛት የሚሰላም አለ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን በእንግሊዝኛው «ፍሎቲንግ» የሚባለው ነው። እኛ ከተዘዋዋሪ ብድር ስያሜ ተውሰን «ተዘዋዋሪ ፈቃድ» እንበለው። ፕሮግራሙ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይጫናል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ሰዎች ቁጥር ግን ከተገዛው ፈቃድ ሊበልጥ አይችልም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል። የዲክሲሱ ኮምባይነር ማለት ነው።

ስሌቱን በቁም ነገር እንድንይዘው የሚያስገድደን የውጭ ምንዛሪ ነው። አብዛኛው የሳይንስና የምህንድስና ሶፍትዌር የሚከፈለው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር በጥቂቱ ይበልጥ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። አንድ ተቋም ያለ አገልግሎት የተቀመጡ 20 ፈቃዶች አሉት፣ የእያንዳንዱም የዓመት ክፍያ 500 ዶላር ነው እንበል። ቀድሞ በዓመት 570,000 ብር የነበረው ብክነት በተመኑ ለውጥ ብቻ ከ1,200,000 ብር በላይ ይሆናል። በዚህ ገንዘብ የሚገዛውን ማይክሮስኮፕና ኬሚካል አንባቢው ያስበው።

የተጫነ፣ የተከፈተ፣ በአንድ ጊዜ የተያዘ

ጀማሪ አስተዳዳሪ መጀመሪያ የሚሳሳተው «ስንት ሰው ይጠቀማል?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ጥያቄ አድርጎ በመውሰዱ ነው። በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ፕሮግራሙ በስንት ኮምፒዩተሮች ላይ ተጭኗል? በሴሚስተሩ ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን የከፈቱት ሰዎች ስንት ናቸው? በአንድ ቅጽበት ከፍተው የተገኙት ሰዎች ከፍተኛ ቁጥርስ ስንት ነው? በምሳሌው ኮሌጅ መልሶቹ በቅደም ተከተል 50፣ 31 እና 12 ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው ቁጥር ይፈለጋል ለሚለው መልስ የሚሰጠው የፈቃዱ ውል ነው። ፈቃዱ በኮምፒዩተር ከሆነ ማንም ባይከፍተውም የመጀመሪያው ቁጥር ይቆጠራል፤ 50 ላይ ጭኖ 12 መክፈል የውል ጥሰት ነው። በስም ከሆነ ሁለተኛው፣ ተዘዋዋሪ ከሆነ ሦስተኛው ይታያል። ስለዚህ ከማንኛውም ቆጠራ በፊት ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይገባል። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ውሉ ያለው በግዢ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ፣ የአስተዳዳሪው የመጀመሪያ ሥራ ኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ ሳይሆን ደረጃ መውጣትና መውረድ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ቁጥር ለማግኘት በየኮምፒዩተሩ እየዞሩ መመዝገብ አያሻም። ኦሲኤስ ኢንቬንተሪ እና ጂኤልፒአይ የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች በኔትወርኩ ላይ ካሉት ኮምፒዩተሮች የተጫኑትን ሶፍትዌሮች ዝርዝር ሰብስበው በአንድ ቦታ ያሳያሉ። ዝርዝሩ ግን ፍጹም አይደለም። ከፍላሽ ዲስክ በቀጥታ የሚሠራ ፕሮግራም በዊንዶውስ የተጫኑ ፕሮግራሞች መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ በአንጻሩ በአግባቡ ያልተነቀለ አሮጌ ፕሮግራም ከጠፋ በኋላም ስሙ ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛው ቁጥር ግን ሌላ ምንጭ ይፈልጋል።

ሰርቨሩ የሚጽፈው መዝገብ

የተዘዋዋሪ ፈቃድ አሠራር እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ፈቃድ የሚያድል ፕሮግራም ይቀመጣል። ተማሪዋ ሶፍትዌሩን ስትከፍት ኮምፒዩተሯ ለሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል፤ ቀሪ ፈቃድ ካለ ይሰጣታል፤ ስትዘጋ ይመለሳል። በዚህ ዘርፍ እጅግ የተስፋፋው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራውና መጀመሪያ ፍሌክስኤልኤም፣ ኋላም ፍሌክስኔት የተባለው ሥርዓት ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች የሚያውቁት ማትላብ በዚህ ይጠቀማል። አስተዳዳሪው «ኤልኤምስታት» በተባለው ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት ፈቃዱን ማን እንደያዘው፣ በየትኛው ኮምፒዩተርና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደያዘው ማየት ይችላል።

ብዙዎች ይህን ትእዛዝ በየ10 ደቂቃው እንዲሠራ አድርገው ውጤቱን ያጠራቅማሉ። ለመጀመር መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በ3፡01 ተከፍቶ በ3፡08 የተዘጋ ፕሮግራም በ3፡00ም በ3፡10ም ቆጠራ ውስጥ አይገኝም። የተሻለው ምንጭ ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈው ሎግ ፋይል ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ ሦስት ዓይነት መስመሮች ዋና ናቸው፦ ፈቃድ ወጣ፣ ፈቃድ ገባ፣ ፈቃድ ተከለከለ። «ወጣ» ሲል አንድ እየደመሩ፣ «ገባ» ሲል አንድ እየቀነሱ ከላይ ወደ ታች ቢወርዱ በእያንዳንዱ ቅጽበት የተያዘው ፈቃድ ብዛት ሳይዛነፍ ይገኛል። በኤክሴል ሊሠራ የሚችል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በዚህ ሎግ ውስጥ በየመስመሩ የሚጻፈው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ቀኑ የሚጻፈው አልፎ አልፎ ለብቻው በሚመጣ መስመር ስለሆነ ያንን መስመር ያላስተዋለ ሰው የሁለት ቀን ክንውን እንደ አንድ ቀን ይቆጥራል። በሌላ በኩል ሰዓቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 14፡30 ማለት ከሰዓት በኋላ 8፡30 ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ሎጉን ከላብራቶሪው የፈረቃ ሰሌዳ ጋር ሲያስተያይ ስድስት ሰዓት ያዛነፈ ባለሙያ አጋጥሞኛል፤ ባለሙያው እኔው ነበርሁ።

ሎጉ አንድ ትልቅ ውሸትም ይዋሻል። አንድ ጊዜ በማውቀው ተቋም ውስጥ መብራት ለአሥር ደቂቃ ያህል ጠፍቶ ሲመለስ፣ ተማሪዎች በሙሉ «ፈቃድ አልተገኘም» ተባሉ። ሰርቨሩን ብንጠይቀው ፈቃዶቹ ሁሉ ተይዘዋል አለ፤ ያዡ ግን የለም። ሰርቨሩ የባትሪ መጠባበቂያ ስለነበረው አልጠፋም፤ የላብራቶሪው ኮምፒዩተሮች ግን ጠፍተዋል። በድንገት የጠፋ ኮምፒዩተር «መልሻለሁ» የሚል መልእክት አይልክም። የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዝም ያለውን ግንኙነት መኖር አለመኖሩን መመርመር የሚጀምረው፣ በተለመደው አደረጃጀቱ ከተተወ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈቃዶቹ በሙታን እጅ ይቆያሉ። መድኀኒቱ አስተዳዳሪው በእጅ ትእዛዝ ማስለቀቁ፣ ወይም የመመርመሪያውን ጊዜ ማሳጠሩ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህን ሳያስተካክሉ ሎግ መቁጠር፣ ያልነበረ ተጠቃሚን መቁጠር ይሆናል።

ከሙታን ሌላ የተኙም አሉ። ጠዋት ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ወደ ክፍል ገብቶ ማታ የሚመለስ ሰው ፈቃዱን ቀኑን ሙሉ ይይዛል። ሰርቨሩን ሥራ የፈታ ፈቃድ እንዲነጥቅ ማዘዝ ይቻላል፤ በብዙ ፕሮግራሞች ዝቅተኛው ወሰን 15 ደቂቃ ነው። እኔ ግን 15 ደቂቃን አልመክርም። መጽሐፍ ሊያመሳክር የተነሣ ሰው ሲመለስ ፈቃዱን ሌላ ወስዶበት ያገኘዋል፤ እንዲህ የተበሳጨ ተጠቃሚ ደግሞ ፕሮግራሙን እየነካካ ማቆየትን ቶሎ ይማራል። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ጭላሎ ወይስ አምባ?

የተያዘው ፈቃድ በየሰዓቱ በግራፍ ሲሣል ቅርጹ ራሱ ይናገራል። የተገዛው ፈቃድ በቂ ከሆነ፣ ግራፉ ከአሰላ በላይ እንደሚታየው እንደ ጭላሎ ተራራ ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ ጫፉም ከተገዛው ቁጥር በታች ነው። ፈቃዱ ካነሰ ግን ግራፉ እንደ ሰሜኑ አምባዎች አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። 12 ላይ ደርሶ ሁለት ሰዓት ሙሉ በ12 ላይ የተኛ መስመር ፍላጎቱ 12 ነበር አይልም፤ 12 ላይ ተቆረጠ ነው የሚለው። ከአምባው በላይ ምን ያህል ተራራ እንደነበረ ግራፉ አያሳይም።

ያንን የሚጠቁሙት «ተከለከለ» የሚሉት መስመሮች ናቸው፤ ግን እነሱም እንደ ወረዱ አይቆጠሩም። የተከለከለ ተማሪ አንድ ጊዜ ሞክሮ አይሄድም፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ይጫነዋል። ሎጉ አሥር ክልከላ ይጽፋል፤ የተከለከለው ሰው ግን አንድ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአንድ ሰው ክልከላ ስንት ጊዜም ቢደጋገም እንደ አንድ መቁጠር ይሻላል። በአንጻሩ ደግሞ «ሁልጊዜ ይሞላል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ መሞከሩን የተወ ሰው በሎጉ ውስጥ ጭራሽ አይገኝም። የእሱን ነገር የሚያውቁት ተማሪዎቹን በመጠየቅ ብቻ ነው።

የኤርላንግ ስሌት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ስንት ፈቃድ ይበቃል? የሚገርመው፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ በፊት ተገኝቷል። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ (እ.ኤ.አ. 1878–1929) በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። ኩባንያው ማወቅ የፈለገው ለብዙ ደንበኞች ስንት የጋራ የስልክ መስመር ቢዘረጋ ጥሪ የሚከለከልበት ሰው ጥቂት ይሆናል የሚለውን ነበር። ኤርላንግ መልሱን እ.ኤ.አ. በ1917 አሳተመ። «መስመር» የሚለውን «ፈቃድ» ብለን ብንለውጠው ችግሩ የእኛው ነው።

መጀመሪያ ጭነቱን እናስላ። በኮሌጃችን በሥራ ሰዓት በአማካይ በየሰዓቱ 12 ሰዎች ፕሮግራሙን ይከፍታሉ፤ እያንዳንዳቸውም በአማካይ ግማሽ ሰዓት ይሠሩበታል እንበል። 12 ሲባዛ በ0.5፣ 6 ይሆናል። ሁሉም ቢፈቀድላቸው በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ 6 ሰዎች ይሠራሉ ማለት ነው፤ የዚህ ጭነት መለኪያ ለሊቁ ክብር «ኤርላንግ» ተብሏል።

አማካዩ 6 ስለሆነ 6 ፈቃድ ይበቃል? ሒሳቡን በእጅ መሥራት ይቻላል። ከምንም ፈቃድ እንጀምር፤ ፈቃድ ከሌለ ሁሉም ይከለከላል፤ የክልከላው ድርሻ 1 ነው። አንድ ፈቃድ በተጨመረ ቁጥር የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ጭነቱን በቀድሞው የክልከላ ድርሻ እናባዛለን፤ ውጤቱን «ለ» እንበለው። ከዚያ «ለ»ን፣ ለ«ለ» እና ለፈቃዱ ተራ ቁጥር ድምር እናካፍላለን። ለአንደኛው ፈቃድ «ለ» 6 ነው፤ 6 ለ7 ሲካፈል 0.857 ይሆናል። ለሁለተኛው 6 ሲባዛ በ0.857፣ 5.143 ነው፤ ይህ ለ7.143 ሲካፈል 0.72 ይመጣል። እንዲህ እያሉ መውረድ ነው። 6ኛው ላይ ስንደርስ 0.265 እናገኛለን፤ በአማካዩ ልክ ፈቃድ የገዛ ተቋም ከአራት ተጠቃሚዎቹ ከአንድ የሚበልጠውን ይመልሳል። በ10 ፈቃድ ክልከላው ወደ 4.3 በመቶ፣ በ12 ወደ 1.1 በመቶ ይወርዳል። 50 የሚለው የኃላፊው ቁጥር በዚህ ጭነት ከንቱ ወጪ መሆኑ ታየ፤ የፋይናንስ ክፍሉም 12ቱ በአማካይ ግማሽ ቀናቸውን ሥራ ፈትተው ማየቱ ብክነትን አያረጋግጥለትም። ሥራ የፈቱት ሌላ ሰው ሲመጣ እንዲገኙ ነው።

ከዚሁ ስሌት የሚገኝ፣ በተቋማት ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ሌላ ውጤት አለ። ሁለት የትምህርት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 3 ኤርላንግ ጭነት አላቸው፤ እያንዳንዳቸውም በራሳቸው በጀት 6 ፈቃድ ገዝተው ለየብቻ ይዘዋል እንበል። በየክፍሉ ክልከላው 5.2 በመቶ ነው። ሁለቱ 12ቱን ፈቃድ በአንድ ሰርቨር ላይ ቢያዋሕዱ፣ ጭነቱ 6፣ ክልከላው ግን 1.1 በመቶ ይሆናል። አንድ ብር ሳይጨመር፣ አንድ ፈቃድ ሳይገዛ፣ ክልከላው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ። ምክንያቱ አንዱ ክፍል ሲጨናነቅ ሌላው ብዙ ጊዜ የማይጨናነቅ መሆኑ ነው። ነገሩ ከሒሳቡ ይልቅ የሚከብደው የትምህርት ክፍሎቹን ኃላፊዎች ማስማማቱ ላይ ነው።

ስንዴው በአንድ ቀን ሲደርስ

የኤርላንግ ቀመር አንድ ነገርን ያምናል፤ ተጠቃሚዎቹ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በየራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ምን ያህል ይቆያል ለሚለው ቀመሩ ግድ የለውም፤ አማካዩ ይበቃዋል። አመጣጡ ግን የተያያዘ ከሆነ ቀመሩ ያሳስታል፤ ለዚህም ጥሩው ምሳሌ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው። 40 ተማሪዎች ከጠዋቱ 3፡00 ገብተው መምህሩ «ክፈቱ» ሲሉ አንድ ላይ ይከፍታሉ፤ አንድ ሰዓት ሠርተው ይዘጋሉ። ሌላ ተጠቃሚ በሌለበት የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ ጭነቱ 5 ኤርላንግ ብቻ ነው። ቀመሩን በጭፍን ብንጠይቀው በ12 ፈቃድ የሚከለከለው ከሺህ አራት እንኳ አይሞላም ይላል። በእውነቱ ግን ከ40 ተማሪዎች 28ቱ ባዶ ስክሪን ያያሉ።

የአርሲ ኮምባይነሮች ይህን ችግር የሚያቃልልላቸው የመሬቱ ከፍታ ነው። ቆላው ቀድሞ ይደርሳል፤ ወይናደጋው ይከተላል፤ ደጋው ይዘገያል፤ ማሽኑም ከታች ወደ ላይ እየወጣ ያጭዳል። የሁሉም ማሳ ስንዴ በአንድ ሳምንት ቢደርስ ኖሮ አሁን ባሉት ማሽኖች አይሰበሰብም ነበር። በላብራቶሪ ውስጥ ይህን ልዩነት የሚፈጥረው የፈረቃ ሰሌዳ ነው። 40ዎቹን በአራት ምድብ ከፍሎ አሥር አሥር አድርጎ ማስገባት 28 ፈቃድ ከመግዛት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሎጉን የያዘ አስተዳዳሪ ከግዢ ክፍል አስቀድሞ ወደ ሬጅስትራር ቢሄድ ይሻለዋል።

በፈረቃ የማይከፈል ወቅትም አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሳምንታት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይከፍታል፤ ከላይ ያየናቸው የሙታን ፈቃዶችም በዚያው ሰዓት ተይዘው ይቆያሉ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ መግዛት አያዋጣም፤ ሻጩ ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ከሆነ መከራየት፣ አለበለዚያ ሥራውን ወደ ነጻ ሶፍትዌር ማዞር ይቀራል። የሎጉ ዝርዝር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በማትላብ ለምሳሌ ተጨማሪ የሥራ ጥቅሎቹ የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው፤ ተማሪው ከጥቅሉ አንዲት ተግባር ከጠራ ማትላብን እስኪዘጋ ድረስ የጥቅሉ ፈቃድ ይያዝበታል። ሎጉ የስታቲስቲክስ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በተማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ትንተና መሆኑን ካሳየ፣ ያንን ሥራ ከኒውዚላንድ በተነሣውና ከክፍያ ነጻ በሆነው «አር» ማስተማር ይቻላል። ከአሰላ በስተሰሜን ባለው በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በሚካሄደው ዓይነት የስንዴ ዝርያዎች ሙከራ ውስጥ የሚፈለገው የልይይት ትንተና በ«አር» በሚገባ ይሠራል። ከግብርና ምርምር የተወለደው ጄንስታትም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለታዳጊ አገሮች ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ የሚሰጥ እትም አውጥቶ ነበር።

ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ሎጉ የተጠቃሚውን ስምና ሰዓት ይዟል። ማን በሌሊት እንደሚሠራ፣ ማን ለወራት እንዳልከፈተ ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንዲህ ያለውን መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ ማዋልን ይገድባል። ለፈቃድ ስሌት የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። «እገሌ ሥራ አይሠራም» ለማለት ሎጉን የሚጠይቅ አለቃ ሲመጣ፣ አስተዳዳሪው ስሞቹን አውጥቶ ቁጥሩን ብቻ ቢሰጠው ሕጉንም የባልደረቦቹንም እምነት ይጠብቃል።

ስሌቱን ራሳቸው መሞከር ለሚሹ አንባቢያን አንድ ጥያቄ እንተው። ኮሌጁ 12ቱን ፈቃድ እንደያዘ የተማሪዎቹ ቁጥር ጨምሮ ጭነቱ ከ6 ወደ 9 ኤርላንግ ከፍ ቢል፣ ክልከላው ከ1.1 በመቶ ወደ ስንት ይደርሳል? ጭነቱ በግማሽ ስለጨመረ ክልከላውም በግማሽ ይጨምራል ብሎ የገመተ ሰው ወረቀትና እርሳስ ያንሣ፤ ከላይ በተገለጸው መንገድ አሥራ ሁለት ጊዜ አካፍሎ ሲጨርስ 8.3 በመቶ ያገኛል።